ከእመቤታችን እግር ሥር የተሳሉት እቴጌ

በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን የሚከበረው የቁስቋም ማርያም በዓል የወርኀ ጽጌ መደምደሚያ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ባሉት አርባ ዕለታት ሊቃውንቱ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማሉ፤ ምእመናንም እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ሕፃን ልጇን ታቅፋ፣ ከአረጋዊው ዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር በግብፅ በረሃ የተንከራተተችበትን ስደት እያሰቡ ይሰነብታሉ። ቁስቋም በላይኛው ግብፅ የሚገኝ ተራራ ነው። ከሄሮድስ ሰይፍ የሸሸችው እናት ከብዙ እንግልት በኋላ ከልጇ ጋር ያረፈችው በዚህ ሥፍራ እንደ ሆነ የግብፅም የኢትዮጵያም አብያተ ክርስቲያናት ትውፊት ያስረዳል።

የዚህ ተራራ ስም በአገራችን ሲነሣ ከብዙዎች ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው ከጎንደር ከተማ ዳር፣ ከፍ ካለው ኮረብታ ላይ የሚታየው ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። ደብሩን የተከሉት፣ ከአጠገቡም ቤተ መንግሥት ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ውድ አንባብያን፣ በዛሬው የበዓል ጽሑፋችን የእኚህን ንግሥት የሕይወት ታሪክ ባጭሩ እንቃኛለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪካቸውን ስንመለከት አንድ ጥያቄ ይዘን እንጓዛለን። እቴጌ ምንትዋብ በዘመናቸው ሠራዊት የሚያዝዙ፣ ሹም የሚሾሙና የሚሽሩ፣ የወርቅ ዘውድ የጫኑ ገዢ ነበሩ። በጣና ሐይቅ ደሴት ባሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግን መልካቸው የሚታየው በዙፋን ተቀምጠው አይደለም። ከእመቤታችንና ከተወደደ ልጇ እግር ሥር በምድር ላይ ተደፍተው ነው። የፈለጉትን ማድረግ ይችሉ የነበሩ ንግሥት ይህን መልክ ለትውልድ ሊተዉ የወደዱት ስለ ምን ይሆን?

ከቋራ ወደ ጎንደር

እቴጌ ምንትዋብ በ1698 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ይባሉ ነበር። የትውልድ ሐረጋቸውም ከአፄ ሚናስ እንደሚወርድ ይነገራል። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ደግሞ ብርሃን ሞገሳ ነው። ሕዝብ የሚያውቃቸው ግን ምንትዋብ በሚለው ስም ነው። ትርጉሙም ውበቷን አይቶ ከማድነቅ የመጣ፣ ምን ያህል ታምራለች እንደ ማለት ነው። እንግዲህ የእኚህ ሴት መልክ ገና ከስማቸው ጀምሮ ሲነገርለት የኖረ ነው ማለት ይቻላል።

ከአፄ በካፋ ጋር የተገናኙበትን ሁኔታ በሚመለከት ትውፊት እንዲህ ይተርካል። ከ1713 ዓ.ም. ጀምሮ የነገሡት አፄ በካፋ ማንነታቸውን ሠውረው በየአገሩ መዘዋወር፣ የድኻውን ብሶትና የሹሙን ግፍ በዐይናቸው መመልከት ይወድዱ ነበር። በአንዱ ጉዟቸው ቋራ ላይ ታመሙ። ያስጠጋቸው ባለ ቤት እንግዳው ማን እንደ ሆነ አላወቀም፤ ልጁ ግን በትሕትናና በርኅራኄ አስታመመቻቸው። ንጉሠ ነገሥቱም ድነው ወደ ከተማቸው ሲመለሱ ይህቺን ወጣት አልረሷትም። ጋብቻው በ1715 ዓ.ም. አካባቢ ተፈጸመ። በ1716 ዓ.ም. ደግሞ ኢያሱ የተባለ ወንድ ልጅ ተወለደ።

ጎንደር በዚያ ጊዜ ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የነገሥታት መናገሻ፣ የሊቃውንት ጉባኤና የባለ እጆች መሰብሰቢያ ከሆነች አንድ መቶ ዓመት ሊሞላት የተቃረበች ከተማ ነበረች። ይሁን እንጂ በግንቦቹ ውስጥ የሰላም እንቅልፍ ብርቅ ነበር። ከአፄ በካፋ በፊት ከነበሩት ነገሥታት መካከል ታላቁ ኢያሱን የመሰለ ንጉሥ እንኳ በሰው እጅ ተገድሏል። በቅብዓትና በተዋሕዶ መምህራን መካከል የነበረው የሃይማኖት ክርክርም የመኳንንቱን ጎራ ይከፍል ነበር። ወጣቷ እቴጌ የገቡት እንዲህ ወዳለ ቤት ነው።

የሕፃን ንጉሥ እናት

አፄ በካፋ በመስከረም 1723 ዓ.ም. ዐረፉ። አልጋ ወራሹ ኢያሱ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። ሕፃን ንጉሥ ባለበት አገር ምን እንደሚከተል መኳንንቱም፣ ካህናቱም፣ እናትየዋም ያውቁ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ ጊዜ አላጠፉም። ወንድሞቻቸውንና የቋራ ዘመዶቻቸውን በዙሪያቸው አሰለፉ፤ ልጃቸውን በአባቱ ዙፋን አስቀመጡ። ጥቂት ወራት ሳይቆዩም እርሳቸው ራሳቸው ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር ባለ ሥልጣን ሆኑ።

በኢትዮጵያ ታሪክ ከነገሥታት በስተጀርባ ታላቅ ምክር የነበራቸው ሴቶች ብዙ ናቸው። ንግሥት እሌኒ ከአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምራ እስከ ልብነ ድንግል ሕፃንነት የመንግሥቱን መሪ ይዛ ቆይታለች። ምንትዋብን ልዩ የሚያደርጋቸው መምከር ብቻ ሳይሆን ዘውድ መጫናቸው፣ ከልጃቸው ጎን ሆነው በግልጥ ማስተዳደራቸው ነው። ወንድማቸው ወልደ ልዑል በራስ ቢትወደድነት የመንግሥቱ ዋና ምሰሶ ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1759 ዓ.ም. ድረስ ከጎናቸው ቆሟል።

ዳሩ ግን በሴት እጅ ያለ መንግሥት የቀለለ የመሰላቸው ብዙዎች ነበሩ። በ1725 ዓ.ም. ተቃዋሚዎቻቸው ሌላ ንጉሥ ይዘው ተነሡ፤ ጎንደርን ወርረው የቤተ መንግሥቱን ግቢ ከበቡ። የከተማይቱ ብዙ ክፍል በእሳት ጋየ። እናትና ልጅ በአፄ ፋሲል ግቢ ቅጥር ውስጥ ሆነው የውጭውን ጢስና ጩኸት እያዩና እየሰሙ ቆዩ። ከበባው የተሰበረው ከሩቅ የመጣ ረዳት ጦር በደረሰ ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ኢያሱ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ልጁን በጉያው ይዞ ከሚፈለግበት ሰይፍ ያዳነ ወላጅ የቁስቋምን ታሪክ እንደ ማንኛውም ሰው አያነበውም።

ደብረ ፀሐይ ቁስቋም

እቴጌይቱ ከከተማይቱ ወጣ ብሎ ካለው ኮረብታ ላይ አዲስ ደብር ለመትከል ሲነሡ በስደቷ ሥፍራ ስም፣ በቁስቋም ማርያም ስም መረጡት። ሥራው ከከበባው በኋላ ባሉት ዓመታት ተፋጥኖ ቤተ ክርስቲያኑ በ1730ዎቹ መጀመሪያ ተፈጸመ። በረዥም የድንጋይ ቅጥር ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ሌላ የእቴጌይቱ መኖሪያ፣ የግብር አዳራሽና ሌሎችም ሕንፃዎች ተሠሩ። በግድግዳዎቹም ላይ ከቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎችና ሌሎች ጌጦች ነበሩ። ለደብሩም መሬት ተሰጠው፤ ካህናትና መዘምራን ተመደቡለት።

የስሙ ምርጫ የዘፈቀደ አልነበረም። ንጉሥ ሕፃን፣ እናቱም ጠባቂው በሆነችበት መንግሥት ከድንግል ማርያምና ከሕፃኑ ከኢየሱስ ስደት የበለጠ ለሕዝብ ዐይን የሚናገር ምሳሌ አልነበረም። የጎንደር ሰው ኅዳር 6 ቀን ወደ ኮረብታው ወጥቶ የስደቷን መዝሙር ሲሰማ፣ ልጇን ከገዳይ ያሸሸችውን እናት እያሰበ በዚያው ዐይኑ የሕፃኑን ንጉሥ እናት ይመለከታል። በዚህ ውስጥ የመንግሥት ጥበብ አለበት ብንል ከእውነት አንርቅም። የእናትነት ክብር ለእቴጌይቱ የሥልጣናቸው መሠረት ነበር። ነገር ግን ጥበብ ብቻ ነበር ብንልም እንሳሳታለን። ኋላ እንደምናየው ንግሥቲቱ የዚያን ስም ዋጋ በራሳቸው ሕይወት ከፍለውበታል።

የናርጋው ሥዕል

የእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወርቃማ ዘመን ነበር። የታሪክ ሊቃውንት ሁለተኛው የጎንደር ስልት ብለው የሚጠሩት የአሣሣል ዘዴ የተስፋፋው በእርሳቸው ጥበቃና ልግስና ነው። የዚህ ስልት ሠዓልያን የፊትን ቅርጽ በጥላና በብርሃን ያወጡታል፤ የሥዕሉን ዳራ ከቢጫ ወደ ቀይና ወደ አረንጓዴ እያሸጋገሩ ይቀባሉ፤ የልብሱን እጥፋትና የሐሩን አበባ በትዕግሥት ይሥላሉ። ከውጭ አገር የመጡ የታተሙ ሥዕሎችን አይተው የወሰዱት ነገር አለ፤ የወሰዱትን ግን በራሳቸው መልክና በቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት አድርገው ለውጠውታል።

ከእነዚህም መካከል ምስለ ፍቁር ወልዳ የተባለው፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበት ሥዕል ታሪኩ የታወቀ ነው። በሮም የሚገኘው የጥንታዊው የማርያም ሥዕል ቅጂ ከምዕራባውያን መነኮሳት ጋር ወደ አገራችን ገብቶ፣ የኢትዮጵያ ሠዓልያን በየዘመኑ እየሣሉት የራሳችን አድርገውታል። ዛሬ በየቤታችን ግድግዳ ላይ የምናየውም የዚሁ ሥዕል ዘር ነው። በግራና በቀኝ ሊቃነ መላእክት ቅዱስ ሚካኤልና ቅዱስ ገብርኤል ይቆማሉ። ሥዕሉን ያሣለው ሰውም ብዙ ጊዜ ከግርጌ በትንሹ ተሥሎ ይታያል።

እቴጌይቱ በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ በክብ ሥራና በድንጋይ ቅስቶች የተዋበ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሕንፃው የ1730ዎቹ ሥራ ሲሆን የመቅደሱ ግድግዳዎች ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሞልተዋል። ከነዚህ ሥዕሎች አንዱ እቴጌ ምንትዋብን ያሳያል። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በላይ ትታያለች፤ ንግሥቲቱ ከሥሯ በምድር ላይ ተዘርግተው ይማጸናሉ። የለበሱት የከበረ፣ አበባ የተነቀሰበት የመኳንንት ልብስ ነው። ማንነታቸውም እንዳይጠፋ ስማቸው ተጽፎ ይገኛል።

እስቲ ይህን ከሌላው ዓለም ጋር እናነጻጽረው። የአክሱም ነገሥታት ክርስትና ሳይገባ ጀምሮ መልካቸውን በወርቅ ሳንቲም ላይ ያትሙ ነበር፤ ኢዛናም ክርስቲያን በሆነ ጊዜ የጨረቃውን ምልክት በመስቀል ተካው። የሳንቲሙ መልክ ግን የንጉሡ የራሱ ነው። ዘውድ ጭኖ፣ ከዳርና ከዳር በስንዴ ዛላ ተከብቦ ይታያል። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመንም በአውሮፓ ኃያላን ሴቶች ይገዙ ነበር። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ከ1733 እስከ 1773 ዓ.ም. ስትገዛ፣ በሩሲያ ደግሞ ኤልሳቤጥ፣ ከ1754 ዓ.ም. ጀምሮም ካትሪን ነበሩ። የእነዚህ ሴቶች ሥዕል በቤተ መንግሥት አዳራሽ ይሰቀል ነበር። ቀጥ ብለው ቆመው፣ በትረ መንግሥት ይዘው፣ ዘውዳቸው ከጎናቸው በትራስ ላይ ተቀምጦ ይታያሉ። ማሪያ ቴሬዛም እንደ ምንትዋብ ሕፃን ወንድ ልጅ የነበራት ገዢ ናትና ሠዓልያን ልጇን በመኳንንቶቿ ፊት ታቅፋ ሥለዋታል። በዚያ ሥዕል ሕፃኑ በንግሥቲቱ እቅፍ ነው፤ የሚሰግዱትም መኳንንቱ ናቸው።

በናርጋው ሥዕል ግን ሕፃኑ ያለው በሌላይቱ እናት እቅፍ ነው። የምትሰግደው ደግሞ ንግሥቲቱ ናት። ነቢዩ ዳዊት በመዝሙሩ ስለ ንጉሡ ቀኝ የተናገረው፣ በወርቅ ልብስ ተጎናጽፋ ስለምትቆም ንግሥት ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ቃል ለእመቤታችን ሰጥታ ታስተምራለች። እንግዲህ በናርጋው ግድግዳ ላይ የሰማይዋ ንግሥት በቦታዋ ከሆነች፣ ምድራዊቷ ንግሥት የሚተርፋት ቦታ ከእግሯ ሥር ነው። የወርቅ ልብሱን ለብሳለች፤ መቆሙን ግን ለባለቤቷ ትታለች።

በሁለቱ ዐይነት ሥዕሎች መካከል ያለው ልዩነት በአቀማመጥ ብቻ አይደለም። በአዳራሽ የሚሰቀል የንግሥት ሥዕል ከተመልካቹ መታዘዝን ይጠይቃል። የናርጋው ሥዕል ከተመልካቹ የሚጠይቀው ጸሎትን ነው። ሥዕለ አድኅኖው የእመቤታችን ነው፤ የሚሳለመው እርሱ ነው። ከግርጌ ያለችው ንግሥት አትሰገድላትም፤ ስሟን የሚያነብ ሰው ሁሉ ከእርሷ ጋር ሆኖ እንዲለምንላት ትማጸናለች። በገበሬው፣ በዓሣ አጥማጁ፣ በመነኩሴው ምልጃ ፊት ራሷን አቅርባለች ማለት ነው። ለገዢ ከዚህ የበለጠ መጋለጥ የለም።

ሥዕሉ ያልሸፈነው

ይህን ስንል እቴጌይቱን ያለ ነውር አድርገን ለማቅረብ አይደለም። የቅዱሳን ገድል እየጻፍን አይደለምና። ከግርጌ የተሳለ ሰው የሚማጸነው የሚማጸንበት ነገር ስላለው ነው።

ከአፄ በካፋ ዕረፍት በኋላ ምልምል ኢያሱ ከተባለ የንጉሣውያን ዘር ጋር ኖረው ሴቶች ልጆች ወለዱ። ይህ ነገር በዘመኑ ብዙ ሐሜት አስነሥቷል፤ በኋላም የሰውየውን ሕይወት አስከፍሏል። የቋራ ዘመዶቻቸውን በሹመት ላይ ሹመት መደራረባቸው የሌላውን አገር መኳንንት አስቀይሟል። ዳግማዊ አፄ ኢያሱም ለአካለ መጠን ደርሶ እንኳ ዋናው አስተዳደር ከእናቱ እጅ ስላልወጣ፣ ንጉሡ ወደ አደንና ወደ ቤተ መንግሥት ማስጌጥ አዘንብሎ ኖረ።

ያን ሐሜት ለመሻር ይመስላል በ1736 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ስናር ዘመተ። ዘመቻው ግን በሽንፈት ተፈጸመ። ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት የሚወጡት፣ ጌታችን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት የኩርዓተ ርእሱ ሥዕል በጠላት እጅ ወደቀ። ሕዝበ ክርስቲያኑ የሞተውን ሠራዊት ያህል ለዚህ ሥዕል አለቀሰ። በኋላ በወርቅ ተዋጅቶ ሲመለስ በጎንደር ታላቅ ደስታ ሆነ። ይኸው ሥዕል ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከአፄ ቴዎድሮስ ሞት ጋር በእንግሊዞች ተወስዶ ከአገር ወጥቷል። የናርጋው ሥዕል በደሴቱ ላይ ተጠብቆ ሲኖር የዘመቱት ሥዕሎች ዕጣ ይህ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ጣጣ የመጣው ከሰላም ፍለጋ ነው። እቴጌይቱ የኦሮሞን ኃይል ከዙፋኑ ጋር ለማስተሳሰር ልጃቸውን ከወሎ ባላባት ልጅ፣ ከወይዘሮ ውቢት ጋር አጋቡ። ከዚህ ጋብቻ ኢዮአስ ተወለደ። ዳግማዊ አፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲሞት ኢዮአስ ገና ሕፃን ነበርና ታሪክ ራሱን ደገመ። አንድ ሕፃን ንጉሥ ነገሠ። በዚህ ጊዜ ግን በስሙ ልትገዛ የምትፈልግ ሁለተኛ እናት ነበረች። አያቲቱ የቋራን ሰዎች፣ እናቲቱም የወገኖቿን ጦር ይዘው ተፋጠጡ። በአንድ ቤት ሁለት እናቶች፣ በመካከላቸውም አንድ ልጅ ሆነ።

ጠቡን ያበርዳሉ ተብለው ከትግራይ የመጡት ራስ ሚካኤል ስሑል ነበሩ። ሰውየው ልምድ ያላቸው የጦር አለቃ ሲሆኑ፣ በኋላ የእቴጌይቱን ልጅ ወይዘሮ አስቴርን በማግባት የቤቱ አማች ሆነዋል። ከንጉሡ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ግን ቶሎ ሻከረ። በግንቦት 1761 ዓ.ም. አፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ታንቀው ተገደሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንጉሥ አንጋሹ ሌላ፣ ንጉሥ ተብዬው ሌላ የሆነበት የመሳፍንት ዘመን በአገሪቱ ላይ ወረደ።

ስደት ወደ ቁስቋም

እቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጃቸውን በቁስቋም፣ ከልጃቸው ከኢያሱ አጠገብ አስቀበሩ። ወደ ጎንደር ቤተ መንግሥት ተመልሰው ሊኖሩ አልወደዱም። በወጣትነታቸው ለክብር ባሠሩት ኮረብታ ላይ፣ በስደተኛይቱ እናት ስም በሰየሙት ደብር ጥላ ሥር ተቀመጡ። ከሄሮድስ የሸሸችው ድንግል ልጇን ይዛ ቁስቋም ገብታ ነበር። እርሳቸው ሲገቡ ግን የነገሠው ልጃቸውም የነገሠው የልጅ ልጃቸውም በሕይወት አልነበሩም። የሰየሙት ስም ትርጉሙን ያገኘው ሠላሳ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው።

በዚህ ወራት፣ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ደረሰ። ፈንጣጣ በቁስቋም ገብቶ ስለ ነበር የንግሥቲቱን ቤተሰብ ልጆች አስታመመ፤ ለብዙ ጊዜም በግቢያቸው ተቀመጠ። በኋላ በአገሩ ባሳተመው መጽሐፍ እቴጌይቱን የሥልጣን ዘመናቸው ያለፈ፣ አስተዋይና የተከበሩ እናት አድርጎ አሳይቷል። ስለ እቴጌይቱ የመጨረሻ ዓመታት ከምናውቀው ብዙው የተገኘው ከዚህ እንግዳ ብዕር ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ1765 ዓ.ም. ዐርፈው በዚያው በቁስቋም ተቀበሩ።

የሠሩት ግቢም የራሱን መከራ ተቀብሏል። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሾች ጎንደርን ወርረው ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ሲያቃጥሉ ቁስቋም ከተጎዱት አንዱ ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ እንደ ገና ተሠርቶ አገልግሎቱን ቀጠለ፤ የቤተ መንግሥቱ ግንብ ግን ፍርስራሹ ቀረ። በ1972 ዓ.ም. የፋሲል ግቢና አካባቢው በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የቁስቋም ሕንፃዎችም አብረው ተመዝግበዋል። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አፅም መስታወት ባለው ሣጥን ተጠብቆ ለምእመናንና ለጎብኚዎች ሲታይ ኖሯል። ውብ የተባለው መልክ ወዴት እንደሚሄድ በቁስቋም ይታያል። ያ መልክ ምን ሊሆን ፈልጎ እንደ ነበር ደግሞ በናርጋ ይታያል።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት እቴጌዎች መልካቸው የደረሰን በሌላ መንገድ ነው። እቴጌ ጣይቱንና ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱን የምናውቃቸው በፎቶግራፍ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በየካቲት 1909 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ መልካቸው በፖስታ ቴምብር ላይ ሳይቀር ታትሞ በየእጁ ዞሯል። እርሳቸውም በጾምና በጸሎት የታወቁ ነበሩ። ፎቶግራፍ ግን የቆመበትን ቦታ ያሳያል እንጂ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ሊቆም የፈለገበትን ቦታ አያሳይም። ያን የሚያሳየው የመቅደሱ ግድግዳ ነው።

የበዓሉ ትምህርት

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። እቴጌ ምንትዋብ ተደፍተው የተሳሉት ሥልጣን ስላልነበራቸው አይደለም፤ ሥልጣናቸውን ስለ ጠሉም አይደለም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያህል ሊለቁት አልፈቀዱም። ነገር ግን ያ ሁሉ ሥልጣን ከማን እንደ ተሰጣቸውና ለማን እንደሚመልሱት ሳይረሱት፣ በኃይላቸው ጊዜ በግድግዳ ላይ አስጽፈው አስቀመጡት። ሥልጣኑ ሲወሰድባቸው፣ ልጅና የልጅ ልጅ ሲሞትባቸው፣ ያ ሥዕል አልሐሰተባቸውም። የቆሙ ሆነው ተሥለው ቢሆን ኖሮ የ1761 ዓ.ም. ግንቦት ሐሰተኛ ያደርገው ነበር። ተደፍተው የተሳሉ ግን ከዚያ በታች የሚወድቁበት ቦታ የላቸውም።

በዛሬው ዕለት በጎንደር ኮረብታ የሚቆመው ምእመን፣ በጣና ደሴት የሚያስቀድሰው መነኩሴ፣ በአዲስ አበባ ደቡብ በሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ከሥራ ተመልሳ በቤቷ ግድግዳ ከሰቀለችው ምስለ ፍቁር ወልዳ ፊት ልጆቿን ሰብስባ የምትጸልየው እናት፣ ሁሉም ያን የናርጋ ሥዕል ሳያዩት ይፈጽሙታል። ከሥዕሉ ግርጌ ያለው ቦታ ለንግሥት ብቻ የተተወ አይደለምና። ልጁን ከክፉ ዘመን ለመሠወር የሚደክም ወላጅ ሁሉ በዚያ ቦታ ድርሻ አለው።

ልጇን ይዛ የተሰደደች እናታችን የተሰደዱትን ወደ ቤታቸው፣ የተጣሉትን ወደ ፍቅር ትመልስልን። ለመላው የክርስትና እምነት ተከታዮች መልካም የቁስቋም በዓል ይሁንላችሁ። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።